በጽፋት አይጀመርም
ጎንደር ላይ ለትያትር፣ ለሙዚቃና ለውዝዋዜ ተማሪዎች በትምህርት ዘመኑ መግቢያ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ጎበዝ! እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ከበሩ አጠገብ ያላችሁትስ? ይሰማል? ጥሩ። ማይክሮፎኑን ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። «ልጄ ሐኪም ትሆናለች ስል ክራር ይዛ መጣች» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይዟችሁ። ዛሬ የምናገረውን ሰምታችሁ ስትወጡ ይህ ትምህርት ጨዋታ እንዳልሆነ ታያላችሁ። እንዲያውም ልጆቹ ናቸው የሚደነግጡት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ክረምቱን በሙሉ ምን ስታስቡ ከረማችሁ? እጅ አውጡ። መድረክ ላይ ቆሜ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብልኝ ታየኝ ያለ ማነው? ይኸው፣ አዳራሹ በሙሉ። እሺ፣ ሥራ ያልነካው ጉልበቴ፣ ሁለት ወር ያልዘፈነው ጉሮሮዬ፣ እርጥበት የጠጣው የመሰንቆዬ ቆዳ ታየኝ ያለስ? ...አንድ? ያ ልጅ ወደ ፊት መጥቶ ይቀመጥ።

ጉጉት መልካም ነው፣ አልከለክላችሁም። ግን እናንተዬ፣ በየዓመቱ ድምፅ የሚዘጋው፣ ጉልበት የሚያብጠው፣ የክራር አውታር የሚበጠሰው መቼ ነው? በፈተና ሰሞን ይመስላችኋል? አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። ልጁ ከእረፍት ይመለሳል፣ ጓደኞቹን ያገኛል፣ በደስታ ያንኑ ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጨፍራል፣ ይዘፍናል። በሦስተኛው ቀን ድምፁ የለም።

ያለንበት ከተማ ይህን ነገር ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። የአቋቋም፣ ማለትም ከእንቅስቃሴ ጋር የሚዜመው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያ ትምህርት ቤት በዓታ እዚሁ ጎንደር ናት። አንድ በዓል ላይ ቆማችሁ ሊቃውንቱን ተመልከቱ። መጀመሪያ በቁም ይዜማል፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ዜማው ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሰውነት ቀስ ብሎ ወዲህና ወዲያ ይላል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ ግን በዝግታ። ጽፋት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ የሰባ ዓመት አዛውንት ጠዋት ላይ ወረብ ሲያወርዱ ያያችሁ አላችሁ? እንዴት ቻሉ? በጽፋት አልጀመሩማ!

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ዓመቱን በጽፋት አትጀምሩ። በሦስት በኩል እመጣበታለሁ። አንደኛ ሰውነትና ድምፅ፣ ሁለተኛ መሣሪያና ቅኝት፣ ሦስተኛ ቃል። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ እሱን ስለሆነ።

አንደኛ፣ ሰውነት።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። የደጋ ልጆች ላይሰማችሁ ይችላል። ከመተማ፣ ከሑመራ፣ ከጋምቤላ የመጣችሁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ስትወጡ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሕመም አይደለም፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሰውነት እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ ሁለት ሳምንት። በዚያ ሳምንት ስለ ትንፋሻችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በዚያ ሳምንት ራሳችሁን ከደጋ ልጅ ጋር አታወዳድሩ።

ውዝዋዜ ለምታጠኑ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሰኔ ላይ ትሠሩት ከነበረው ግማሹን ብቻ ሥሩ። ግማሹን! በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ጨምሩ፣ በሦስተኛው ወደ ሙሉው ቅረቡ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ አለ። በእግር ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ አንገት። እስክስታ የትከሻ ጨዋታ ነው ብሎ ትከሻን ብቻ አሟሙቆ የሚገባ ልጅ አንገቱን ይዞ ይወጣል። ለምን? ትከሻንና አንገትን የሚያያይዙ ጡንቻዎች አሉ። ትከሻው በፍጥነት ሲመታ አንገት ከደረቀ፣ ምቱ በሙሉ አንገት ሥር ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ አንድ ትከሻ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ ፍጥነት።

ወለሉን ደግሞ እዩ። አብዛኛው የልምምድ ክፍላችን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ አይሰጥም፤ ዘላችሁ ስትወርዱ ምቱን የሚቀበለው ጉልበታችሁ ነው። የእንጨት መድረክ ካለ ዝላይ ያለበትን ክፍል እዚያ አድርጉት። ከሌለ የዝላዩን ቁጥር ቀንሱ፣ ስታርፉ ጉልበት ይታጠፍ፣ ከጣት ጀምራችሁ ወደ ተረከዝ እረፉ። በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ አንድ ሰዓት መዝለል ጀግንነት አይደለም።

ሕመምን መለየት ተማሩ። ከልምምድ በኋላ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን መላ ጡንቻ የሚከብድ፣ ከዚያ የሚለቅ ሕመም የሥራ ሕመም ነው፣ አትፍሩት። አንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ ስትሠሩ የሚብስ ከሆነ አቁሙ። «ይሞቃል ይተወኛል» ብሎ መቀጠል ነው ሴሚስተሩን የሚያስቀረው።

ድምፅስ? ድምፅም ያው ነው። ጠዋት ከአልጋ ተነሥቶ በቀጥታ ከፍ ያለ ዜማ ውስጥ የሚገባ ልጅ በጽፋት ጀመረ ማለት ነው። 10 ደቂቃ ስጡት። ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ፤ ትከሻ ሳይነሣ፣ ሆድና ጎን ሲሰፋ። ሦስት ደቂቃ ከንፈርን እንደ ፈረስ ብርርር እያደረጉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መውጣትና መውረድ። ሦስት ደቂቃ አፍ ተዘግቶ «ምምም»። ከዚያ ወደ አናባቢው፣ መጀመሪያ በመካከለኛ ድምፅ። ከንፈሩ የማይንቀጠቀጥለት ስትሮ ወስዶ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥልቆ እያዜመ ይንፋበት። አትሳቁ! ከፊት የሚመለሰው ግፊት የድምፅ አውታሮቹ ሳይጋጩ እንዲንቀጠቀጡ ያግዛል። አብሮ አዳሪዎቻችሁ ይሳቁባችሁ።

ከጥቅምት በኋላ አየሩ ይደርቃል፣ አቧራው ይነሣል። ውኃ ከመዝፈን በፊት አንድ ሊትር ገልብጦ መግባት አይጠቅምም፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ጾም አለ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ፣ ረመዳን የምትጾሙ፣ ያለ ውኃ ከባድ የድምፅ ልምምድ አታድርጉ። መምህራችሁን ጠይቁ፦ በዚያ ቀን ንባቡ፣ እንቅስቃሴው፣ ንድፉ ይቅደም፣ ዘፈኑ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ይሁን። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ማታ ደግሞ ቃሪያ ያለበት ትኩስ ወጥ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ልጅ ጠዋት ጉሮሮው ይሻክራል፤ ከጨጓራ የሚመለሰው አሲድ ነው የሚያቃጥለው። እራትና መኝታ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ይኑር።

ድምፅ ሲሻክር ማንሾካሾክ እረፍት ይመስላችኋል። አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጉሮሮን ይበልጥ ያስጨንቃል። እረፍት ማለት ዝምታ ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ ከቀረ ሐኪም ይየው፤ ዝንጅብልና ማር ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ።

ክረምት ሲወጣ መሰንቆን የሚያነሣ ልጅ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? «መሰንቆዬ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። ሐምሌና ነሐሴ ቆዳው እርጥበት ጠጥቷል፤ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ሲላላ ክሩን ተሸክማ የምትቆመው ትንሽ እንጨት ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፤ ድምፁም ይወርዳል፣ ይታፈናል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ስቀሉት፣ ጠዋት የለዘበ ፀሐይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያግኘው። ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ የለም! ከሰል አንዱን ጎን ቀድሞ ያደርቃል፣ ቆዳው ወደዚያ ይሸሻል፣ ከስፌቱ ወይም ከጠርዙ ይቀደዳል። የበጋው ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠራል፣ ድምፁ ይሾላል፣ ቸል ከተባለ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ከፀሐይ አርቁት።

አዲስ ጭራ ደጋኑ ላይ አስገብቶ «ድምፅ አልወጣ አለኝ» የሚል ጀማሪ ሁሌም አለ። አዲስ ጭራ ይንሸራተታል፤ ዕጣኑ ወይም ሙጫው ሳይታሸበት ክሩን አይዝም። እሹት፣ ሞክሩት፣ እንደገና እሹት። ሲበዛ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል፣ ዱቄቱ ቆዳው ላይ ይነጥፋል። ጭራውን በጣት አትንኩ፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ላይ ድምፁ ይሸሻል።

ክራር፦ ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት አውታሮቹን ጥቂት አላሉ፣ ጨርሳችሁ ግን አትፍቱ። አውታር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ሁሉንም በአንዴ ከፈታችሁ ብርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ተሸክሞ የሚቆመው እንጨት፣ ይወድቃል፣ ቀንበሩም ቦታውን ይለቃል። አዲስ የናይለን አውታር ለጥቂት ቀናት እየተሳበ ይወርዳል። ስለዚህ ነገ ትርኢት አለብኝ ብሎ ዛሬ ማታ አውታር የሚቀይር ሰው መድረክ ላይ በየዘፈኑ መካከል ሲቃኝ ያድራል።

ዋሽንት የያዛችሁ፦ ሸምበቆ አይቃኝም፤ ድምፁን የሚወስነው ርዝመቱና ቀዳዳው ነው። ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ካልሄደ ሌላ ዋሽንት ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ለዚህ ነው ጥሩ ዋሽንተኛ በርከት ያሉ ዋሽንቶች በአንድ ከረጢት ይዞ የሚዞረው። ቀዝቃዛ ዋሽንት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይጮኻል። ከመድረክ በፊት ድምፅ ሳታሰሙ ትንፋሽ አስገቡበት፣ ይሙቅ።

አሁን ቅኝት። አራቱን ሁላችሁም ትጠሯቸዋላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። መጥራት ሌላ፣ መለየት ሌላ። ከ«ዶ» ተነሥተን እንያቸው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ግማሽ ትዝታ የምንለው «ሚ»ን እና «ላ»ን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ስድስት አውታር ባለው ክራር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሁለት አውታር ብቻ ነው የምትነኩት፤ ስድስተኛው አውታር «ዶ»ን ከላይ ስለሚደግም ዝም ይላል። ከግማሽ ትዝታ ወደ አምባሰልስ? አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። «ሬ» በግማሽ ይወርዳል፣ ሦስተኛው አውታር በአንድ ሙሉ ድምፅ ይወጣል። በቃ።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ፤ አድምጡኝ። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ወስዳችሁ ቤታችሁን «ፋ» ላይ ብታደርጉ ምን ታገኛላችሁ? ግማሽ ትዝታ! አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው፤ የሚለየው ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው። አንድ ተማሪ አምባሰል እየተጫወተ ሐረጉን በተሳሳተ ቦታ ካሳረፈ ድምፆቹ አንድም አልተሳሳቱም፣ ግን ሰሚው «ትዝታ ሆነብኝ» ይላል። መምህር «ተሳስተሃል» ሲለው «የቱ ጋ?» ብሎ ይከራከራል። ድምፆቹ ጋ አይደለም፤ መድረሻው ጋ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ከሁሉም የሚለየው አምስተኛው፣ ማለትም «ሶል» ዝቅ ስለሚል ነው። ጆሮ የሚመካበት ምሰሶ ይጎድላል፤ ጀማሪ አንቺሆዬን ሲያዜም ሳይታወቀው «ሶል»ን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፣ ዜማው ይፈርሳል። መድኃኒቱ አንድ ሰው «ዶ»ን ይዞ እንዲቆይ አድርጋችሁ አንድ በአንድ መውጣት ነው፤ በዝግታ።

በነገራችን ላይ እነዚህን የዓለማዊ ዜማ ቅኝቶች ከቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ጋር አትቀላቅሉ። በፈተና ወረቀት ላይ «አራራይ ማለት አምባሰል ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የተለያየ ትምህርት፣ የተለያየ ሥርዓት።

አዝማሪ ቤትም ሂዱ። ጎንደር ተቀምጦ አዝማሪ ሳይሰማ የሚመረቅ የትያትር ተማሪ የሚያሳዝን ነው። ግን ለመዝናናት ብቻ አትሂዱ፤ አንድ ነገር ተመልከቱ። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ምን ያደርጋል? መሰንቆውን ሳያቆም፣ ዓይኑን ከሰጪው ሳይነቅል ይሰማል፣ ከዚያ በዜማው ልክ አስገብቶ ይመልሰዋል። ስንኙ ረዝሞ ከመጣ ያሳጥራል፣ አጥሮ ከመጣ በ«ኧረ»ና በ«እኔማ» ይሞላል። ትያትር ክፍል ውስጥ «የፈጠራ ትወና» እያልን የምናስተምረው ይኸው ነው። ስትሄዱ ሳትሸልሙ አትውጡ፤ ሳትጠይቁም በስልክ አትቅረጹ። ሰውየው ሥራ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃል። እዚህ እንቀመጥ።

ቃለ ተውኔት ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ጥፋት ምንድን ነው? በማድመቂያ ቀለም የራስን ንግግር ማቅለም! ከዚያ ቀለም የነካውን ብቻ ማንበብ። ልጁ የራሱን ያውቃል፤ መቼ እንደሚናገር ግን አያውቅም። የባልደረባው የመጨረሻ ቃል ናት የእሱ ደወል፤ እሷን አላጠናትም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አንብቡ፣ ምንም ሳትይዙ። ከዚያ የራሳችሁን ንግግር ከነደወሉ በእጃችሁ ገልብጡ። በእጅ! ስልክ ላይ አይደለም። በቀን ሁለት ገጽ ከበቂ በላይ ነው። በማግስቱ አዲስ ከመጨመራችሁ በፊት የትናንቱን ሳታዩ በሉ፤ ካልወጣ አዲስ አትጨምሩ። ተቀምጣችሁ ያጠናችሁት ስትቆሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ልብስ እያጠባችሁ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ በሉት። እጅ ሥራ ይዞ ቃሉ ከወጣ፣ መድረክ ላይም ይወጣል።

አሁን አማርኛችን ራሱ የሚያመጣውን ጣጣ እንይ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍላችሁ ምን ታነባላችሁ? ሰውየው እንጀራ ይበላል ነው ወይስ እንጀራው በሰውየው ይበላል? «በ» እና «ላ» ሲጠብቁ እንጀራው ተበዪ ነው፣ ሲላሉ ሰውየው በዪ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። በልቡ የሚያነብ ሰው ሳያውቀው ያስተካክለዋል። ጮክ ብሎ፣ ተጨንቆ፣ ሰው ፊት የሚያነብ ግን ይሳሳታል፤ አንዴ ተሳስቶ ካጠናው ደግሞ እስከ ትርኢቱ ቀን ይከተለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው የጠረጴዛ ንባብ እርሳስ ያዙ፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ የሆነ ይህን አታፍሩበት፤ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነውም ነጥቡን ያድርግ፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚዘናጋው።

ሁለተኛው ጣጣ ከዚህ ይብሳል። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው የት ነው? መጨረሻ። ትንፋሽ የሚያልቀው የት ነው? መጨረሻ! አያችሁ? የአማርኛ ተዋናይ ትልቁ ጠላት ይህ ነው። ይህን ስሙ፦ «ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅህ የኖርኩት ስለምወድህ አይደለም።» ተዋናይቷ በ«ይህን ሁሉ ዘመን» ላይ ስሜቷን አፈሰሰች፣ «ስለምወድህ» ላይ አለቀሰች፣ ትንፋሿ አለቀ፣ «አይደለም» በከንፈሯ ቀረ። አሥረኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ሰማ? ትወደዋለች! ተውኔቱ ተገለበጠ። ከዚያ በሦስተኛው ገቢር ስትገድለው ሕዝቡ ግራ ይገባዋል። ደራሲው ይወቀሳል፣ አዘጋጁ ይወቀሳል፤ የጠፋችው ግን አንዲት ቃል ናት።

ምን ይደረግ? ረጅም ንግግር ሲመጣ ከኋላ ተነሡ። መጀመሪያ ግሱን ብቻ በሉት፦ «አይደለም።» ከዚያ «ስለምወድህ አይደለም።» ከዚያ «የኖርኩት ስለምወድህ አይደለም።» እያንዳንዱ ጊዜ መጨረሻው እኩል ይሰማ። ከዚያ የት እንደምትተነፍሱ በእርሳስ ጭረት አድርጉ፤ አንዱ ጭረት ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሐረግ በፊት ይሁን። ስታለቅሱም፣ ስትቆጡም ጭረቷ ላይ ትተነፍሳላችሁ። ቁጣ ውስጥ ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ አሉ፤ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ስትጮኹ ያንን መዘጋት ወደሚቀጥለው አናባቢ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ድምፅ ይቧጨራል። ፍንዳታው አፍ ውስጥ ይቅር፣ ጉሮሮ ወዲያው ይከፈት።

ማይክሮፎኑን ያስቀመጥኩትም ለዚህ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ቀን መርጦ የሚነግረን የለም። ያለ ማይክሮፎን ያልተለማመደ ቡድን መብራት ሲሄድ ትርኢቱም ይሄዳል። ከሳምንቱ ልምምዶች ቢያንስ አንዱ ያለ ማይክሮፎን ይሁን፣ አንድ ሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ያልሰማውን ግስ በወረቀት ይጻፍ። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ያታልላል፤ ድምፁ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላው ልብሱና ገላው ድምፁን ይውጠዋል። በልምምድ «ትንሽ በዛ» የሚመስለው በትርኢቱ ቀን ልክ ይሆናል።

ሌላው ነገር ፈጣን ነው። የመድረክ እንቅስቃሴ በእርሳስ ይጻፍ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍ፣ ይቀየራልና። የሚጽፈው አንድ ሰው ይሁን፣ እሱ ልምምድ አይቅር። ለኦዲሽን ሁለት የሚለያዩ ንግግሮች ያዙ፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ደቂቃ አይብለጡ፤ ሁለቱም የሚያስለቅሱ ከሆኑ አንድ ነው የያዛችሁት።

ከመውረዴ በፊት ቀን መቁጠሪያ። ጎንደር ላይ የእኛ ሥራ ትልቁ ቀን የታወቀ ነው፤ ጥር 11። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ እንግዳው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ መቆሚያ ይጠፋል፣ ሆቴሉም መሥሪያ ቤቱም «የባህል ቡድን አምጡልን» ይላል። እናንተስ መቼ ትሰማላችሁ? ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለገና ቤት ልትሄዱ ስትሉ፣ ፈተናም ሲቃረብ። ከዚያ በአሥር ቀን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ትርኢት! ወደ ኋላ ቁጠሩ። የስምንት ሳምንት ልምምድ ከፈለጋችሁ ኅዳር 15 መጀመር አለባችሁ። የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው፣ አትረሱትም። ማንም ባይጠራችሁም በዚያ ቀን ጀምሩ፤ ጥሪው ሲመጣ የቀረው ልብስ መተኮስ ብቻ ይሁን። የዘንድሮውን የመጀመሪያ ሳምንት ድምፃችሁን ደግሞ አሁን አንድ ደቂቃ በስልክ ቅረጹና አስቀምጡ፤ ኅዳር 15 ላይ ክፈቱት።

እስኪ አሁን ተነሡ። ወላጆችም ተነሡ፣ እናንተም አትቀሩም። ትከሻ ይውረድ። ጉልበት አይገተር። ጎን እስኪሰፋ ተንፍሱ። ሦስት ጊዜ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየጨመርን፣ ሳንጮህ፦ «አይደለም።» ...«ስለምወድህ አይደለም።» ...«ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅህ የኖርኩት ስለምወድህ አይደለም።»

እዚያ መሐል ረድፍ ላይ ያላችሁ፣ ሰማኋችሁ፣ «አይደለም»ን በላችኋት። እንደገና።

ጥሩ። ተቀመጡ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፤ ማይክሮፎን አናዞርም። ከኋላ ያላችሁ ጀምሩ፣ መጨረሻዋ ግስ እዚህ ፊት ድረስ ትድረሰን።